ጀርባዋ ነው አሉ

ሪስተን ጀርባዋን ያመማት ከገና ወዲህ ነው። ይህን ማንም አልካደም። የተካደው ምክንያቱ ነበር፤ የካዱት ደግሞ ባዕዶች ሳይሆኑ የገዛ ወንድሟና አብረዋት የኖሩ እረኞች ናቸው።

ዕድሜዋ ስድሳ ሦስት ነው። ከዚህ ውስጥ አርባውን ዓመት በሩቁ የሰሜን አገር፣ በረዶ ላይ በሚንሸራተት ሞተር ተቀምጣ አጋዘን ስትነዳ አሳልፋዋለች። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ መንጋው ወደ መውለጃው ተራራ ሲነሣ፣ አንድ የለመደ ሰንጋ አጋዘን ከሞተሯ ኋላ በገመድ አስራ ከፊት የምትቀድመው እሷ ነበረች። መንጋው ሰንጋውን ይከተላል፣ ሰንጋው ሪስተንን። ወንዙ የት ጋ ከበረዶው ሥር እንደሚፈስ፣ ሐይቁ በየትኛው ዳር እንደሚሳሳ ከአባቷ የተረከበችው እሷ ናት።

ዘንድሮ ግን ሞተሩ ድርቅ አለባት። የፊት መንሸራተቻዎቹን የተሸከሙት ሁለት አሞርዛተሮች በአየር የሚሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው የታመቀው አየር እየተጨመቀ የመንገዱን ምት መዋጥ አለበት። አልዋጥ አሉ። እያንዳንዱ የበረዶ ጉብታ ከመንሸራተቻው ተነሥቶ ማንም ሳይመልሰው ወገቧ ላይ ያርፍ ጀመር።

ሁለት ጊዜ ከተማ ወስዳ ጋራዥ አሳደረችው። ሁለቱንም ጊዜ መካኒኩ በማግስቱ የሞተሩን አፍንጫ በመዳፉ ተጫነው፤ እሺ ብሎ ወረደ፤ እሺ ብሎ ተመለሰ።

«ይኸው እማማ፣ እንደ ትራስ ነው» አላት።

«ግቢዬ ስገባ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

«አየሩንም ለክቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ሰውም እኮ ያረጃል እማማ። ለሱ ደግሞ መለዋወጫ አናስመጣም።»

ጋራዡ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሪስተን ከፍላ ወጣች። የተናደደችው በቀልዱ አይደለም፤ ሰውየው ሞተሩን አንድ ቀን እንኳ ውጭ አውጥቶ ሳይነዳው በእሷ ዕድሜ ላይ መፍረዱ ነው ያንገበገባት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ሐኪም ዘንድም ሄደች። ሐኪሟ ጀርባዋን ራጅ አንሥታ አየቻትና «ለዕድሜሽ እጅግ ደህና ነው» አለቻት። መንደሩ ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ለዕድሜሽ» የምትለዋን ብቻ መርጦ ወሰደ።

መጋቢት ላይ የእረኞቹ ማኅበር ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሹም ታናሽ ወንድሟ ኒላስ ነው። አሥራ አምስት ሰው በተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ድምፁን እንደ ቄስ አለስልሶ ተናገረ።

«እቴ፣ ለራስሽ ብለን ነው። ዘንድሮ ማህቴ ይምራ። አንቺ ተጎታቹ ሸርተቴ ላይ ቆዳ አንጥፈንልሽ፣ ደህና አድርገን ሸፍነንሽ ትሄጃለሽ።»

«እንደ ዕቃ?»

«እንደ እናት።»

«ያመመኝ እኔን አይደለም አልኩህ፣ ሞተሩን ነው።»

«መካኒኩ እኮ አይቶታል፣ ሪስተን። ሁለቴ።»

ማህቴ ማን ነው? የኒላስ ልጅ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አባቱ መሪ ሊያደርገው ካሰበ ቆይቷል። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ፣ አለች አህያ። እጆች ተነሡ፤ ማህቴ እንዲመራ ተወሰነ። ስትጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት ሁሉ ተነሥተው ትከሻዋን በርኅራኄ መታ መታ አደረጓት፤ ያ ከሁሉ ባሰባት።

የሚያሳዝነው፣ እየዋለ እያደረ ራሷም ማመን መጀመሯ ነው። ወለል ላይ መተኛት ጀመረች። ኪኒን መዋጥ ጀመረች። ከወንበር ስትነሣ፣ ሳያማት እንኳ፣ ጠረጴዛውን ትይዛለች። አንድ ቀን መስታወት ፊት እንደ አሮጊት አጎንብሳ ስትቆም ራሷን አየችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

ጉዞው ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር። ሽማግሌው ሃይካ፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ለአጋዘኖቿ መኖ ልታደርስ ስትወጣ የራሱን ሞተር አዋሳት። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጉብታ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄዳ ተመለሰች። ወረደች። ቆመች። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

ምንም አላመማትም።

ደሟ ፈላ። እዚያው ግቢዋ ውስጥ ብቻዋን ቆማ «ውሸታሞች!» ብላ ጮኸች፤ ውሻዋ ደንግጦ ደረጃው ሥር ገባ።

ከዚያ ወደ ገዛ ሞተሯ ሄደች። የሁለቱንም አሞርዛተሮች የአየር ክዳን ከፍታ አየሩን እስከ መጨረሻው አስተነፈሰችው። አየር የሌለው አሞርዛተር ምንም አይሸከምም፤ የሞተሩ አፍንጫ እንደ ግመል ተንበርክኮ በረዶው ላይ መተኛት ነበረበት። አልተኛም። በሁለት እጇ ተጫነችው፤ ወጥታ ተቀመጠችበት። ንቅንቅ የለም።

«አየሩ ከወጣ ታዲያ ማን ነው የተሸከመኝ?» አለች። ውስጡ ሌላ ነገር አለ።

መፍቻ አምጥታ ሁለቱንም ፈታች። በዚያ አገር ለደነዘዘ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ሳውና፣ በእንፋሎት የሚታጠቡበት የጋለ ክፍል፣ ነው፤ ቅዳሜም የመታጠቢያ ቀን ስለሆነ ምድጃው እየነደደ ነበር። ከፍተኛው መደብ ላይ ሙቀቱ የጎማ ቀለበቶቹን ያበላሻቸዋል ብላ ታችኛው መደብ ላይ አጋደመቻቸው። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ስትጫናቸው የሁለቱም ዘንጎች ሳይግደረደሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ይዛቸው ወጣች። ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ብርድ ሲያገኛቸው እንደገና ድንጋይ ሆኑ። ደግማ አስገባቻቸው፤ ለሰለሱ። ደግማ አወጣቻቸው፤ ደረቁ።

ጋራዡ ሞቃት ነው! ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩ ሙቀት ውስጥ አድሮ ነው መካኒኩ የተጫነው። ሰውየው ያየው የዳነ በሽተኛ ነበር።

ግራውን መልሳ ካሞቀች በኋላ የአየር ቤቱን ከፈተችው። ማንኪያ የሚሞላ ውሃ ፈሰሰ፤ ግራሶው ከውሃው ጋር ተዳብሎ እንደ እርጎ ነጥቷል። ውሃው በብርድ እየረጋ ዘንጉን ቀርቅሮ ይዞት ኖሯል። ውሃ ደግሞ በራሱ አይገባም። ገና ማግስት እነዚህን አሞርዛተሮች ፈትቶ የጎማ ቀለበታቸውን የቀየረ፣ «ስጦታዬ ነው እቴ፣ አንቺ አትንኪው» ያለ አንድ ሰው ነበር። ውጭ ጣቱ ስለበረደው ሥራውን ያጠናቀቀው ከታጠበ በኋላ፣ እዚሁ ሳውና ውስጥ፣ እንፋሎቱ መሀል ነው። ዕቃዎቹንም ከባልዲው ለብ ባለ ውሃ እንደ ሳህን አለቃልቋቸው ነበር።

ሪስተን ግራውን ጠራርጋ በአልኮል አደረቀችው፤ ብርድ የሚችል አዲስ ግራሶ ቀባችውና ደረቁ ዕቃ ቤት ውስጥ ወስዳ ዘጋችው። ቀኙን ሆን ብላ ሳትነካው ተወችው። ሁለቱንም አየር ሳትሞላቸው ውጭ ደረጃው ላይ አቆመቻቸው።

ኒላስ እንደ ቅዳሜ ልማዱ ታጥቦ ሲወጣ የሚበላውን ቋሊማ በላስቲክ አንጠልጥሎ ሊታጠብ መጣ።

«ጀርባሽ እንዴት ዋለ፣ እቴ?»

«ና እስቲ፣ ይሄን ተጫነው።»

ግራውን ተጫነው፤ ገባ።

«ያኛውንስ?»

ቀኙን ተጫነው። ፊቱ እስኪቀላ ታገለው።

«ይሄ አርጅቷል» አላት።

«አዎ፣ እንደኔ! አሁን አንሣና ሳውና አስገባው። ሲሞቅ አንተው ራስህ ክፈተው። አንተ አይደለህ የዘጋኸው?»

ልብሱን ሳታስወልቀው ሃያ ደቂቃ ሙቀቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ላቡ ተንቆረቆረ። ዘንጉ ሲለሰልስ አይቶ ቀና ብሎ አያት፤ ወደ ክዳኑ ጠቆመችው። ክዳኑን አዞረው። ውሃው መዳፉ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ውሃ የጀርባዬ ነው?» አለች ሪስተን።

ኒላስ ውሃውን በጣቱ ዳበሰው። «እንፋሎቱ ውስጥ ነው የዘጋሁት…» አለ ቀስ ብሎ። «ወይኔ እቴ። ሰው ሁሉ እኮ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።»

«ሰው ሁሉ ሲያደርግ አሞርዛተሩን ነው የሚያበላሸው። አንተ እኔን ነው ያበላሸኸኝ።»

«እሺ፣ ነገ ለሁሉም እደውልላቸዋለሁ።»

«በስልክ አይደለም! አሥራ አምስት ሰው ፊት አሮጊት ነች ብለሃል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከአፋፉ አንተው ሄደህ መልሰው።»

«ማህቴ ግን ተዘጋጅቷል እኮ…»

«ተጎታቹ ላይ ቆዳ አንጥፉለት!»

ያን ዕለት ኒላስ ሳይታጠብ ሄደ። ሪስተን በማግስቱ ቀኙንም አጽድታ ዘጋች። አየሩንም ሙቀት ውስጥ ሳይሆን ደረጃው ላይ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ብርድ ውስጥ፣ መንፊያውን ጣቷ እስኪደነዝዝ እየገፋች መመሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ድረስ ሞላችው። ዞር ዞር ብላ ነዳችው። ጉብታዎቹ እዚያው መንሸራተቻው ሥር ቀሩ።

በጉዞው ጠዋት እረኞቹ ሁሉ አጥሩ በር ላይ ተሰብስበዋል። ማህቴ የሰንጋውን ገመድ ይዞ ቆሟል። ኒላስ ኮፍያውን አውልቆ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘንድሮም ሪስተን ትመራለች። ሞተሩ ተሠርቷል።»

«ምን ሆኖ ነበር?» አለ ሃይካ።

«ውሃ… ውሃ ገብቶበት ረግቶ ነበር።»

«ከየት የመጣ ውሃ?»

ኒላስ እህቱን አያት። ሪስተን ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም።

«እኔ ነኝ። ሳውና ውስጥ ዘጋሁት።»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ሃይካ እንባውን እየጠረገ «እኛ የአጋዘን ጌቶች! ስንቶቻችን ነን እንደሱ ያደረግን!» አለ። ሪስተን ብቻ አልሳቀችም።

«በይ ሳቂ እንጂ ሪስተን፣ አበቃ እኮ» አሏት።

«አላበቃም» አለች። «ውሃው አይደለም ያናደደኝ። ውሃ ይጠረጋል። ሦስት ወር ሙሉ ሞተሩ ነው እያልኩ ጮህኩ። አንዳችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ፣ ወጥታችሁ ነድታችሁት ነበር? ሞተሩን ማን ሞከረው? እኔን እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ነቀነቃችሁ። እኔም አመንኳችሁ። የገዛ አካሌን ትቼ እናንተን አመንኩ። መንገዱን እንኳ መርሳት ጀምሬ ነበር!»

ሳቁ ቆመ። ኒላስ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ማህቴ ቀደመው።

«አክስቴ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የወንዙ መሻገሪያ የት እንደሆነ አላውቅም። አባዬ እነግርሃለሁ ብሎኝ ነበር።»

ሪስተን ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አንተ ታውቀዋለህ?»

ኒላስ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከአጥሩ ማዶ ያረገዙት አጋዘኖች በረዶውን በሰኮናቸው ይጭራሉ፤ ከሦስት መቶ አያንሱም። ሃይካ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ አወለቁ። ሪስተን ገመዱን ከማህቴ እጅ ተቀብላ ሞተሯ ላይ ወጣች፤ ማህቴም የሞተሯን ዱካ ሳይለቅ ከኋላዋ እንዲከተላት ነገረችው።