ነብሮ ጆንያው ላይ

«ይህን አጥንት ከማን ቤት አመጣሽው?»

የወለተሐና ባል፣ የነገሌው ፖሊስ አስር አለቃ ገብረወልድ፣ ከምድጃው ጀርባ ያገኘውን የአጥንት ጣሳ ፊቷ ላይ ደቅኖ ቆሟል። ጊዜው ዓቢይ ጾም ነው። አጥንቱ ከእስላም ሉካንዳ የመጣ መሆኑም ሳይነገረው ገብቶታል።

«ልጄ በምትበላበት ዕቃ» አለና ጣሳውን ወደ ደጅ ወረወረው።

ጣሳው የልጃቸው የማሚቴ አልነበረም፤ የውሻው ነበር።

ገብረወልድ ወደ ዶሎ ለጥበቃ ሲወጣ፣ ጅብ በራፋቸው ድረስ ሲመጣ የሚያባርርላቸው ውሻቸው ነብሮ ነው። በጾሙ መግቢያ ግን የግቢው ባለቤት አቶ ዓብዱልመጂድ ለሶላት ታጥበው ሲነሱ ነብሮ በእርጥብ አፍንጫው እየነካቸው፣ እንደገና መታጠቡ ቢያስመርራቸው፣ ውሻው ካልታረመ ቤቱን ልቀቁልኝ አሉ። ገብረወልድ በዱላ ሊያርመው ሞከረ። ነብሮ የተማረው እሱን ሲያይ ጥርሱን ማሳየት ብቻ ነው።

ወለተሐና ከአጥሩ ሥር አሮጌ ጆንያ አነጠፈች። ነብሮ እንዲወጣበት እንጀራ ብትጥልለት አሽትቶ ተወው። የአቶ ዓብዱልመጂድ ሚስት እማማ ከሚላ አይተው ሳቁ።

«አካም ወለተሐና፣ ውሻሽንም ታስጾሚዋለሽ እንዴ?» ብለው ከሉካንዳ የተረፈ አጥንት ያቀብሏት ጀመር።

በአጥንት ሆነላት። ጆንያው ላይ ሲቆም ትሰጠዋለች፤ ከወረደ ትከለክለዋለች። ቀስ በቀስ ከሩቅ ወደ ጆንያው ላከችው፤ ከዚያም «ና» እስክትለው ማቆየት ቻለች። አሁን አቶ ዓብዱልመጂድ ለመታጠብ ማንቆርቆሪያቸውን ሲያነሱ ማንም ሳያዘው ሄዶ ይተኛል።

«ቤቱን ያተረፈልን ይህ አጥንት ነው» አለች ወለተሐና ለባሏ።

«ቤቴን ያረከሰው ነው። ውሻው ዛሬ ከእኔ ጋር ይወጣል። ከከተማ ውጭ በጥይት እገላግለዋለሁ።»

«እርስዎ ሲሄዱ እኔንና ማሚቴን ማን ይጠብቀናል?»

«ሥጋ ሰጪዎችሽ ይጠብቁሽ።»

ገመድ ይዞ ወጣ። ወደ ዶሎ የሚወስደው ላንድሮቨር በሩ ላይ ቆሟል። አቶ ዓብዱልመጂድ በረንዳው ላይ እየታጠቡ ነበር፤ ነብሮም ጆንያው ላይ ተኝቷል። ገብረወልድ ጠራው፤ አልተነሳም። ሲጠጋው ጥርሱን አሳየው።

«አስር አለቃ፣ ማዕረግህ አልታየውም መሰለኝ» አለ ሞሉ የሚባለው ፖሊስ ከመኪናው ላይ። ሌሎቹ ሳቁ።

የገብረወልድ ፊት ጠቆረ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ጥሪው» አለ።

ነብሮ ጆሮውን አቁሞ አፍ አፏን ያያል። ከእሷ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። ወለተሐና ክንዶቿን አጣምራ ቆመች።

«ጥሪው እልሻለሁ።»

«አልጠራውም። ይሂዱ፣ መኪናው እየጠበቀዎት ነው።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ገብረወልድ ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ። ነብሮ ጆንያው ላይ ቀረ፤ ወለተሐናና ማሚቴም ቤቱን ሳይለቁ ቀሩ።