የአጣቢው ምስክርነት

ሟች አጥባችሁ ስትወጡ ያያችሁትን ገላ ለጎረቤት እንድታወሩ ማን ፈቀደላችሁ? ተነሥቶ እንደማይመልስላችሁ ስላወቃችሁ ነው?

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አውርዶ የምርመራ አልጋው ላይ ተንጋሏል። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል። የቆዳ ሐኪሟ የዘር ፍሬ ከረጢቱ ላይ የወጡትን ነጫጭ ጠጣር እብጠቶች ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ትዳስሳለች።

"ወንድ ሐኪም የለም እንዴ?"

"አለ። እሱም እንዲህ ዓይነቱን ወደ እኔ ነው የሚልከው። ያምሃል?"

"አያመኝም።"

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት እብጠቶቹን አይታ፣ "ምን እንደሆነ ካልነገርከኝ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ" ብላዋለች። የአባቱን ታሪክ ታውቃለች። ማን የማያውቅ አለ? አባቱ ሲሞት ገላውን ያጠበው ታናሽ ወንድሙ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ወንድሜ ብልቱ ሥር ጠጠር ሞልቶታል፤ ከውጭ ሴት ያመጣው በሽታ ነው" እያለ ሱቁ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ አወራ። የሹፌሩ እናት ደሟን አስመረመረች፤ ምንም አልተገኘባትም። ቢሆንም የባሏን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች፤ ስሙን ሳትጠራ ሞተች። ሹፌሩም አባቱን ጠላ።

ከዓመታት በኋላ ገላውን ሲታጠብ ጣቱ የመጀመሪያውን ጠጠር ነካ። ከሚስቱ ሌላ ሴት አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቱ አውቶቡሱ ላይ ይሳፈራል። በመስተዋቱ ውስጥ፣ የመጨረሻው መቀመጫ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ይታየዋል። ዞር ሲል መቀመጫው ባዶ ነው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ካለቀም በኋላ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ማንም አይወርድም።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች።

"ልበስ። ቆዳው ውስጥ የተጠራቀመ ካልሲየም ነው። የደም ምርመራህ ደህና ነው፤ አያሰጋህም።"

"ከምን መጣ?"

"እውነቱን ልንገርህ? ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ከቆዳ ሥር የነበሩ ትንንሽ ቋጠሮዎች ውለው አድረው ሲጠጥሩ ነው የሚሉ አሉ። እዚያ ያለው ስስ ጡንቻ ሲያረጅ ነው የሚሉም አሉ። የተደጋገመ ትንሽ ጉዳትም ይጠረጠራል።"

"እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ።"

"ወንበርህን አትክሰስ፤ ማስረጃ የለኝም።"

"ከሴትስ?"

"ከሴት አይመጣም። ወደ ሴትም አይሄድም። ካስጠላህ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል።"

ሹፌሩ ቀበቶውን እንደያዘ ቀረ። "አባቴም ነበረው። ያጠበው አጎቴ ከሴት የያዘው ነው ብሎ አወራበት።"

"አባትህን አልመረመርኩም። ግን ጠጠር ስላየ ብቻ እንዲያ ያለ ሰው የማያውቀውን ነው ያወራው። ሥራው ምንድን ነው?"

"ፀጉር አስተካካይ።"

"ታዲያ ፀጉሩን ያስተካክላ!"

ኮሪደሩ ላይ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ልጆቻችን ስለ አንተ ምን ሊሉ ነበር?"

"እኔ ስለ አባቴ ያልኩትን።"

ወደ አጎቱ ፀጉር ቤት እንደሚሄድ ሲነግራት ክንዱን ያዘችው። "ተው። ያንተን ማንም አያውቅም። ለምን ራስህን መሳቂያ ታደርጋለህ?"

ክንዱን አስለቅቆ ወጣ። እሷም ተከተለችው።

ፀጉር ቤቱ ሰው ሞልቶታል። አጎቱ በመስተዋት አየውና መቀሱን እንደያዘ ሳቀ።

"የወንድሜ ልጅ! ምነው ጠፋህ? ተቀመጥ፣ ቀጥሎ አንተ ነህ።"

"አልቀመጥም፣ ጋሼ።"

"አውቶቡሱን መሃል መንገድ ላይ ጥለኸው ነው እንዴ የመጣኸው?"

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ።

"አባቴን ያጠቡት እርስዎ ነዎት። ያዩትንም እዚሁ አወሩት።"

"ኧረ ያለፈ ነገር! ና ውጭ እናውራ።"

"ያኔ ውጭ አላወሩትም። ያ ጠጠር እኔም ላይ አለ።"

መቀሱ ቆመ። አንዱ ደንበኛ ጋዜጣውን አወረደ። የሹፌሩ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ወለሉን ታያለች።

"ዛሬ ሐኪም አይታኛለች። ካልሲየም ነው፤ ከሴት አይመጣም። እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። ጋሼ፣ ወንድምዎ ከውጭ ሴት እንደያዘው ማን ነገረዎት? ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ እነዚህ ሰዎች እየሰሙ ይመልሱልኝ!"