የዱኒያ ቤት እንግዳ

ደረቁ የደቻቱ ወንዝ የድሬዳዋን ከተማ ጨርሶ ወደ ቆላው ሲወርድ ዳርና ዳሩ ይራራቃል፤ አሸዋውም ማዕበል የሌለው የባሕር ዳርቻ ይመስላል። የድሬ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወርደው ይጋደሙበታል፤ ስሙንም «ቢች» ብለውታል።

«ባሕሩ ብቻ ነው የቀረው» አለ ባጃጁን የሚነዳው ሙስአብ። «አሸዋው ቀድሞ ደርሷል አቦ፤ እየጠበቅን ነው።»

ዮርዲ አልሳቀችም። ከግራሮቹ ሥር የተጠጋጉትን ጥቂት ቤቶች ትመለከት ነበር። ልጅ ሳለች ጎርፍ የወሰደው አባቷ ጉግሳ እዚያ ተቀብሮ ሊሆን እንደሚችል የነገራት ይኸው ሙስአብ ነው። የመንደሩ ሰዎች ውሃ የጣለባቸውን ሬሳ፣ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ፣ ከፍ ካለው ዳር ይቀብራሉ። ያገኘው ቤት «እንግዳዬ» ይለዋል፤ መቃብሩንም ውሃ እያርከፈከፈ ይጠብቃል። ዘመድ ከመጣ ግን እንግዳ አይያዝም፤ አጥንቱ ወጥቶ ይሰጠዋል።

ዮርዲ የመጣችው ለአጥንቱ ነበር። እናቷ በለጠች እስካሁን አልቅሳ እርሟን አላወጣችም። «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» እንዳለች አረጀች፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ከአልጋዋ እየተነሳች በሩን ከፍታ ትቆማለች። ባለፈው ክረምት ብርድ መትቷት ለጥቂት ተርፋለች። ሌላ ክረምት የምትችል ለዮርዲ አልመሰላትም።

የመጨረሻው ቤት ባለቤት ዱኒያ ናት፤ ዓይኗ ሞራ የጋረደው፣ ወገቧ ግን ቀጥ ያለ አሮጊት። ዮርዲን ከዳሱ ሥር አስቀመጠቻት።

«ፊት አልነበረውም ልጄ» አለቻት። «ልብስም ውሃው አልተወለትም። ምን ብዬ ላሳይሽ?»

«ምንም ምልክት የለውም፣ አዴ ዱኒያ?»

«ማንኳኳቱ አለ።»

ዮርዲ የሰማችውን ተጠራጠረች።

«ጎርፍ ሊመጣ ሲል ያንኳኳል። ከተሜ ነሽ፣ ከፈለግሽ ሳቂ። ባሌ ዱዓሌም ስቆ ነበር፤ መጀመሪያ የሮጠው ግን እሱ ነው።» ዱኒያ በጣቷ አንጓ የተቀመጠችበትን በርጩማ መታች። ሁለቴ፣ ፈጠን አድርጋ። ዝም አለች። ከዚያ አንዴ።

ዮርዲ አመታቱን አወቀችው። ጉግሳ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በቆመ ባቡር ዙሪያ እየሄደ መንኮራኩሩን በመዶሻ ይመታና ስንጥቅ ያለበትን በድምፁ ይለያል። ሁለቴ መትቶ ያዳምጣል፤ ደግሞ አንዴ መትቶ ያረጋግጣል። እጁ ስለለመደ የቤቱንም በር የሚያንኳኳው እንዲያ ነበር። በሰፈሩ እንዲያ የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አባቴ ነው» አለች።

ዱኒያ ደጃፉ ላይ የምትጫወተውን የልጅ ልጇን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

«ሀዬ» አለች በመጨረሻ። «ወንዶቹ ፀሐዩ በረድ ሲል ይቆፍሩልሻል። ያንቺው ነው፤ ማንኳኳቱም አብሮሽ ይሄዳል።»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡ በሚመጣበት በሐርላ ተራራ በኩል እንኳ የደመና ጭረት አይታይም። የቤቱ ቆርቆሮ በር የተመታው ያኔ ነው።

ሁለቴ። ቀጥሎ ዝምታው መጣ። በዝምታው ውስጥ አንድ ሰው እሷን እያዳመጠ፣ ስንጥቋንም እየፈለገ እንደሆነ ለዮርዲ ተሰማት። ከዚያ አንዴ።

ዱኒያ አልጮኸችም። ልጅቷን አዘለች፤ ፍየሎቹን ፈታች። ከየቤቱ ሰው እየወጣ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ዳገቱን ያዘ። ሙስአብም ነገሩን ሳይጠይቅ ባጃጁን አስነስቶ ተከተላቸው። ዮርዲ ግን ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችው። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። በዚያ ንዳድ ቆርቆሮው እንደ ጉድጓድ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«አባዬ» አለች በዝግታ።

«ነይ አቦ» ስትል ዱኒያ ከዳገቱ ተጣራች። «ክፈቱልኝ ብሎ አይደለም የሚያንኳኳው፤ ውጡ ነው የሚለው።»

ዮርዲ ሮጠች። ከውሃው ድምፁ ቀደመ። ጎርፉ ግንድና የከተማ ፌስታል ተሸክሞ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ ሲያልፍም የዱኒያን በርና ግማሽ ግድግዳዋን ይዞ ሄደ። ሰው ግን አላገኘም።

ውሃው ሲጎድል ሁለት ወንዶች አካፋ ይዘው ከመቃብሩ ራስጌ ቆሙ። ቃል ቃል ነው። የመንደሩ ልጆች በእናቶቻቸው ጉያ ሆነው ያዩዋቸዋል፤ ከትልልቆቹ መካከል ግን ዓይኑን ወደ ዮርዲ ያነሳ አልነበረም። የሷ ስልክ ጠራ።

«አገኘሽው?» አለች በለጠች።

ዮርዲ ልጆቹን አየች።

«አይደለም እማዬ። እሱ አይደለም።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ለቅሶ መስሏት ነበር፤ ሳቅ ነው።

«መቼ ሞተና» አለች እናቷ። «እኔስ ብያለሁ። በይ ቶሎ ነይ፤ መጥቶ ሁላችንንም እንዳያጣን።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንዶቹ አካፋቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

«ተዉት» አለቻቸው ዮርዲ። ከእርጥቡ አፈር ላይ ተቀመጠችና የእናቷን ድርሻ ጨምራ ማልቀስ ጀመረች።