የፍሰሃ ግራ እጅ

«በግራው በላ? ሰው ፊት?»

«ቀኙ ሽባ ሆኖበት ምን ያድርግ?»

«ያጉርሱታ። ሰው የለውም?»

ለምለም ይህን የሰማችው በልጅነቷ ነው፤ ከሠርግ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ። ሰውየው ማን እንደነበር ረስታዋለች። «ሰው የለውም?» የምትለዋ ግን ከልቧ አልወጣችም።

ባሏ ፍሰሃ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ጋራዥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ስትሮክ ጥሎት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ካለ ወዲህ፣ እያጎረሰች ነው ያኖረችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላታል። አምላኩን የሚያመሰግን ይመስላት ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደረቷን ይወጋት ጀምሯል፤ አልነገረችውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቂርቆስ ባለ አንድ የእድር አዳራሽ፣ ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ይሰበሰባሉ። ጎረቤት ወትውቷት ዛሬ ይዛው መጣች። እጅ እግር ሲያፍታቱ ቆይተው ምሳ ቀረበ። ለምለም ታጥባ ጉርሻ ስትጠቀልል፣ እንቅስቃሴውን የምታሠራው፣ መድኃኒት የምትባለው ፊዚዮቴራፒስት አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ለምለም፣ ዛሬ እሳቸው ይሞክሩ።»

«በግራው? እኔ እያለሁለት?»

ከፊት ለፊታቸው የተቀመጡት አቶ አባዲም ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል። «እኔ ስጀምር ሽሮውን የሚበላው ሸሚዜ ነበር» አሉ።

«ባለቤትዎ አያጎርሱዎትም?»

«ስታጎርሰኝ ኖራ ቀደመችኝ፤ ነፍሷን ይማርና። ለቀስተኛው የተበተነ ለት ምግቡ ፊቴ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በቃ፣ መቁረስ አላውቅም።»

ለምለም ጉርሻውን እንደያዘች ቀረች። ደረቷን ወጋት።

«ተ...ዪው» አለ ፍሰሃ። ከታመመ ወዲህ ምላሱ ከብዷል።

«ምኑን?»

«አፍ...ራለሁ። ስታጎርሺኝ።»

«ዓይንህን ስትጨፍን... እኔ እኮ የምታመሰግን መስሎኝ ነው።»

ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ጆጉን አንስታ ግራ እጁን አስታጠበችው፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። እጁ እንጀራውን ጎተተ፣ ቀደደ፤ ወጡ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ልትጠርግለት እጇን ሰደደችና መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቤትም እንዲሁ ነው እንግዲህ። እሺ ይበሉኝ» አለች መድኃኒት።

ለምለም ወደ ባሏ ዞረች። ፍሰሃ ሁለተኛውን ጉርሻ እየቆረሰ ነበር፤ ዓይኑን ገልጦ።

«እሺ» አለች።