ወሬ የሚያበዛ ጨዋታ

ቡርሃን ዕድሜውን ሙሉ ጌም ተጫውቶ አንዱንም ጨርሶ አያውቅም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ትዳር ይዟል፣ ዓደን ከተማ ሼክ ዑስማን ገበያ ውስጥ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር ይሸጣል፤ ይቺን አመል ግን አልተዋትም። ኮምቦልቻ ልጅ ሳለ ጌም ቤት የሚጫወተው በሰዓት ስለነበር ልክ ሲጥመው "ተነስ፣ ሰዓትህ ሞልቷል!" ይሉታል። ባሕር ተሻግሮ ዓደን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከህረባው፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ይሄድበታል።

ደግሞ ሲመርጥ! ኳሱ ይሰለቸዋል፤ የመኪና እሽቅድምድም የሕፃን ነው ይላል። ከሁሉም የሚጠላው ግን ወሬ የሚያበዛ ጨዋታ ነው። ጌም ቤት ቁጭ ብሎ ሰዎች ሲያወሩ መስማት ሰዓት ማቃጠል ነበራ! ስለዚህ ጨዋታው ውስጥ አንዱ ገና አፉን ሲከፍት የቡርሃን አውራ ጣት ኤክስ የምትባለዋን ቁልፍ ትጫናለች፤ ወሬው ይዘለላል። ማን ማንን ለምን እንደሚገድል ጠይቆ አያውቅም። መግደሉን ግን ወላሂ ያውቅበታል።

አሁን የያዘው በዐረብኛ የሚናገር ነው። ሰይፍ የታጠቀ ጎረምሳ አባቱን ፍለጋ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ይህንንም የነገሩት አማቱ ሐጃ ላይላ ናቸው። ሐጃ እግራቸው ከታመመ ወዲህ ከሳሎኑ ፍራሽ አይነሱም፤ ቴሌቪዥኑም እዚያው ነው። ቡርሃን ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ አብረው ያያሉ። አውራ ጣቱ እስክትደርስ የሚያመልጡትን ቃላት እየለቃቀሙ ሐጃ ታሪኩን ገጣጥመውታል።

"አንተ ልጅ፣ ምናለ ሰውየው ንግግሩን ቢጨርስ?" ይሉታል።

"ይተዉት ሐጃ፣ ወሬኛ ነው።"

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት እንደለመደው ሄደ። ሙቀቱ አይጣል ነው። የቀረው መብራት ሲኖር የሚሞሉት ባትሪ ነው፤ እሱም አርጅቶ የሐጃን ማራገቢያና ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ አይችልም። ጨዋታው ደግሞ የመጨረሻው ባላጋራ፣ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደርሷል፤ እሱን ያሸነፈ ጨረሰ ማለት ነው። ቡርሃን ማራገቢያውን አየ፣ አማቱን አየ።

"ንቀለው" አሉት ሐጃ። "አንዴ ጨርሰውና ይውጣልህ፣ እኔ አልሞትም። ብቻ ሽማግሌው ሲናገር እንዳትቆርጠው። አባቱ እሱ ነው፤ ልቤ ነግሮኛል። ከአፉ ልስማው።"

"ወላሂ አልቆርጠውም!"

ነቀለው። ሐጃ ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ማየት ያዙ። ቡርሃን ሞተ፣ ተነሣ፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ሞተ። በስንት መከራ ሽማግሌው ሰይፉን ጥሎ ተንበረከከ። ሐጃ ቀና አሉ። ሽማግሌው አፉን ከፈተ፤ የቡርሃን አውራ ጣትም ኤክስን ተጫነች።

ስክሪኑ ጠቆረ። የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

"ጨረስኩት!" ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ወዲያው ያደረገው ነገር ገባውና አወረደው።

"ምን አለ?" አሉ ሐጃ።

"አልሰማሁም።"

"አባቱ ነው?"

"እኔንጃ ሐጃ። እጄ ለምዶብኝ..."

"መመለስ አይቻልም?"

"ከመጀመሪያው መጀመር ነው እንጂ።"

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። "ኸላስ፣ አለቀ። በል ማራገቢያዬን መልስልኝ" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቡርሃን ተጣድፎ ሰካው። ማራገቢያው ሁለቴ ተሽከረከረና ቆመ። ባትሪው አልቋል።

ሀፍረት አንገበገበው። አንድ ባዶ የቻርጀር ካርቶን ቀደደና አጠገባቸው ተቀምጦ ያራግብላቸው ጀመር።

"ሐጃ፣ ልጁ ለምን ነበር ከቤቱ የወጣው?" አለ በመጨረሻ።

ዞር ብለው አዩት። "እናቱ ስትሞት ነው" ብለው ጀመሩለት። አንዲት ከተማ ሳይዘሉ፣ እሱ የገደላቸውን ሁሉ በየስማቸው እየጠሩ ነገሩት፤ አንዳንዶቹ ልጁን ሊረዱት የመጡ ነበሩ። ሽማግሌው አፉን እስከከፈተበት ድረስ ነገሩትና እዚያ ላይ አቆሙ። ቡርሃን ክንዱ ቢዝልም ማራገቡን ቀጠለ።