ሁለት ፈረቃ፣ አንድ ቤት

ሲስተር ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ባሏን ጠላችው። ቃሉ ከብዷት ለማንም አልተነፈሰችም እንጂ በሆዷ ያለችው ይህንኑ ነው።

ሲስተር የሚሏት ነርስ ስለነበረች ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ በር የሚዘጋው በቀስታ፣ ወሬ የሚወራው በሹክሹክታ ስለሆነ ድምጿም እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ባሏ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በሌሊት ፈረቃ፣ የሽመና ማሽኖቹ ጎን። እሷ ሲነጋ ትወጣለች፤ እሱ ሲነጋ ይገባል።

ስለዚህ ትዳራቸው የኖረው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ከአንዱ ይወርዳል፣ እሷ ሌላውን ትጠብቃለች፤ በመካከል ያለችው ጥቂት ደቂቃ የነሱ ናት። የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንደተቀመጠ ትኩስ ዳቦ ገምሶ ይሰጣታል። «ብርድ አልመታሽም?» ይልና እጇን በእጁ መሃል ከትቶ ያሞቅላታል። ፊት ለፊት ቆመው የልጃቸውን ሳል፣ የቤት ኪራዩን፣ የአለቃዋን ኩርፊያ ያወራሉ። አውቶቡሱ ከተፍ የሚለው ግን ሁልጊዜ ወሬው ሳያልቅ ነው።

«የቀረውን ጡረታ ስንወጣ!» ይላታል እየሳቀ።

ጡረታው መጣ። ልጃቸውም አግብታ ሌላ ከተማ ገብታለች፤ ቤቱ ለሁለቱ ብቻ ሆነ። ወሬው ግን የት እንደገባ እንጃ። እሷ ከማድቤት ሆና ስትጠይቀው እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቴሌቪዥኑን ከከፈተ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሲናገር ይጮሃል፤ «ምን አስቆጣህ?» ስትለው «ማን ተቆጣ!» ብሎ የባሰ ይጮሃል። አብረን እንሄዳለን ያሉት ሽርሽር ሁሉ በኩርፊያ ቀረ። አንዳንዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ፌርማታ ስታስብ፣ ያ የዳቦ ሽታ ይመጣባትና እንባዋ ይቀድማታል። እዚያ ያገኘችው ሰውና እዚህ ሳሎን የተጎለተው ሰው አንድ አልመስል አሏት።

አንድ ቀን ሊወጣ ሲል ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ስትመለስ ድንች ይዘህ ና» አለችው።

እኩለ ቀን ላይ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትልቅ ድስት በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ሰፈር የሚያበላ ድስት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድስት አላልሽም?»

«በጡረታ ገንዘብ! ለሁለት ሰው! ምን ልቀቅልበት ነው፣ አንተን?»

ይህቺን ዓይን ዓይኑን እያየች ስለተናገረች አንዷም ቃል አላመለጠችውም። ፊቱ ጥቁር አለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ኮቱን ደርቦ መውጣት ጀመረ። የት እንደሚውል አይናገርም፤ እሷም አትጠይቅም። በመጨረሻ ግን ነገሩ ከነከናትና ሻርፗን ጣል አድርጋ ተከተለችው።

የድሮው ፋብሪካ አጥር ሥር ካለች ሻይ ቤት ገባ። በሩ ላይ ሆና አጮልቃ ስታይ ደነገጠች። ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ ባሏ በአንዱ ጥግ፣ ሌሎቹ በወዲያኛው። ድምፅ የለም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ድንገት ሁሉም በአንዴ በሳቅ ፈረሱ፤ ባሏማ ጠረጴዛውን እየደበደበ እስኪያለቅስ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ስንት ዘመኗ!

«ምን ሆነው ነው?» አለች ለባለ ሻይ ቤቷ።

«የሽመና ክፍል ሰዎች እኮ ናቸው፣ እትዬ። ያ ማሽን ሲጮህ ማን ማንን ይሰማል? በከንፈር ነው የሚነጋገሩት። ጆሯቸውንማ ማሽኑ በልቶት የለ!»

ያን ሁሉ ዘመን የጨቅላ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ከወዲያኛው አልጋ የምትሰማ ሴት፣ የገዛ ባሏ ጆሮ ሲሄድ አላወቀችም። ፌርማታው ላይ እሱ የምትለውን ይሰማ የነበረው ፊት ለፊት ቆሞ ከንፈሯን ስለሚያይ ነው። ቤት ውስጥ ግን ስትናገር የምትሰጠው ጀርባዋን ነበር።

ባሏ ቀና ሲል አያት፤ ሳቁም ጠፋ። እሷ ግን በሩ ላይ እንደቆመች፣ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ደህና አደርክ?» አለችው።

እሱም ያለ ድምፅ፣ «ደህና። ብርድ አልመታሽም?» አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ አስቆመችውና ፊቱን ወደ ፊቷ አዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ደንቆሮ ባል ከሚኖርሽ አኩራፊ ባል ይሻልሻል ብዬ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አያቸው። እሷ ሳቋ አመለጣት።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሥጋና አዲስ ልብስ ለጥቂት ወር ቀርቶባቸው ማዳመጫ ገዙ። አንዱን ጆሮ ረዳው፤ ለሌላው ሲስተር ወንበሯን ከፊቱ አመጣች፤ ቀስ በቀስም እሷ ራሷ ከንፈር ማንበብ ለመደች። ለጡረታ ተቀጥሮ የቆየውን ወሬ ከልጃቸው ሳል ጀምረው አንድ በአንድ አነሱት። ከሰዓት በኋላ ወጣ ብለው መንሸራሸርም ለመዱ፤ ትልቅ ነገር ሊነግራት ሲል መንገድ መሃል ቀጥ ብሎ ስለሚያቆማት ሩቅ አይደርሱም እንጂ።

ባለፈው የእህቱ ልጅ ስታገባ አዳራሹ በድምፅ ማጉያ ሊፈርስ ደረሰ። እንግዳው ሁሉ ጆሮ ለጆሮ ተጣብቆ ይጯጯኻል። ሲስተር ከሴቶቹ ጋር በአንዱ ጫፍ፣ ባሏ በሌላው ጫፍ ተቀምጠዋል።

«የሙሽራውን አባት እዪው፤ የሱፉን የዋጋ ወረቀት ሳይነቅል ነው የመጣው» አላት ከማዶ፣ በከንፈሩ።

ሲስተር በሳቅ ተንፈቀፈቀች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ተጠግታ፣ «ምን ሆነሻል?» ብላ ጮኸችባት።

«ባሌ ነው፤ አያስቀምጠኝም!»

ሴትዮዋ ግራ ቀኝ ብታይ ባል የሚባል አጠገባቸው የለም።

«እንሂድ? ጫማው ገደለኝ» አላት ደግሞ ከማዶ።

«ኬኩን ሳልበላማ አልነቃነቅም» አለችው።