ማንም ያልተሳለው ፓውዛ

አባይነህ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ጠዋት፣ ከሞላሌ ወጣ ብላ ካለችው የማርያም ደብር ሲደርስ ጆሮው በርበሬ መስሎ ነበር። አክስቱ ወይዘሮ አመተሥላሴ ከነካርቶኑ ፓውዛ ታቅፈው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ትህትና ምጥ ጠንቶባት ሳለ የተሳሉት ነው፤ ዘጠነኛው መሆኑ ነው።

ስምንቱ በቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ ተሰቅለዋል። ሁሉም የስለት ናቸው፤ ስለት ደግሞ አይመለስም፣ አይሸጥም። ድሮ ጃንጥላና ምንጣፍ ነበር የሚገባው። ጃንጥላ ቢበዛ ማንንም አያቃጥልም። ፓውዛው ሲበዛ ግን ፊውዙ ይበጠስ ጀመር። ፊውዝ የሚሠራው እኮ ሊበጠስ ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ተቃጥሎ ቤቱን ሊያተርፍ! የደብሩ ሰዎች እንደ ሰነፍ ሎሌ ቆጠሩት። በንግሥ መሐል ቢጠፋባቸው ጊዜ አውጥተው ጣሉትና በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሰሩ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይህንንም ተአምር ይሉታል።

አባይነህ በመሐል ሜዳ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነው። ባለፈው እሑድ ሊያስቀድስ በቆመበት ከጠፈሩ በኩል የተቃጠለ ጎማ ሸተተው። ጠፈሩ፣ የጣሪያው ኮርኒስ፣ ደረቅ ጥድ ነው። ዛሬ ማታ የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ከሥሩ ያድራል፤ ትህትናም በቅርቡ ክርስትና የተነሣውን ልጇን አዝላ።

«የኔታ፣ መብራቱ ዛሬ አይበራም!» አለ ገና ሰላምታ ሳያቀርብ።

የደብሩ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ጽዮንን በጨለማ ላንግሣት?»

«በጧፍ ያንግሷት! አያትዎ በምን ነበር ያነገሧት?»

«አያቴማ ፊዚክስ የተማረ ጎረቤት አልነበራቸውም። ሰላም ነበራቸው።»

«አንተ ልጅ» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ፣ «የእኔ ስለት ሲደርስ ነው ጎማ የሸተተህ? ስምንቱ ሲሰቀሉ አፍንጫህ የት ሄዶ ነበር?»

አባይነህ እሑድ ዕለት ጮኾ ነበር፤ በጩኸት የጠፋ አንድ ፓውዛ እንኳ የለም። እውነት መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ሰሚው በሚገባው ቋንቋ መናገር ያስፈልጋል። ከቦርሳው ከትምህርት ቤት የተዋሳቸውን ሁለት መለኪያዎች አወጣ።

«ሁሉም ይብራ። አንዴ ብቻ!»

ስምንቱም በሩ። ሽቦው በግድግዳው ወደ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ቮልቱን ለካ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ጫማውን አውልቆ ገባና ፓውዛዎቹ ዘንድ ለካ፤ መቶ ሰማንያ ስድስት። ከዚያ ሽቦውን እንደ ጉጠት በሚነክሰው መለኪያ ከረንቱን አነበበ፤ አሥራ ስድስት አምፔር። አስጠፍቶ ወጣ።

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ገብቶ መቶ ሰማንያ ስድስት ደረሰ። ሠላሳ ሁለቱ የት ገባ፣ የኔታ?»

«እኔ ምን አውቄ! መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል።»

«ይባረኩ! መንገዱ ግን ጠፈሩ ነው።» በጠጠር መሬቱ ላይ ጫረ። «ሠላሳ ሁለት ቮልት ለአሥራ ስድስት አምፔር ሲካፈል፣ ሁለት ኦም። ለከረንቱ እንቅፋት የሆነው ያ ነው። ይቺ አጭር ሽቦ እንኳን ሁለት፣ ግማሽም ሊኖራት አይገባም። አንድ የላላ ቅጥያ አለ። አሁን ደግሞ የቀረውን ሠላሳ ሁለት በአሥራ ስድስቱ እናባዛው፤ እዚያ የሚነደው ኃይል...»

«አምስት መቶ አሥራ ሁለት» አሉ መሪጌታ፣ ጠጠሩ መሬት ሳይነካ። ዕድሜያቸውን ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አምስት መቶ አሥራ ሁለት ምን?» አሉ አክስቱ።

«ዋት። እትዬ፣ የያዙት ካርቶን ላይ ስንት ይላል?»

ካርቶኑን አገላብጠው ፈለጉ። «አምስት መቶ።»

«እንግዲያው ዘጠነኛው ፓውዛ ከእርስዎ ቀድሞ ገብቷል። ማንም አልተሳለውም፤ ብርሃንም አይሰጥም። ጠፈሩ ውስጥ ተሸሽጎ ጥዱን ይጠብሳል።»

ባለፈው ዓመት አንዱ ፓውዛ የነካው መጋረጃ እንዴት እንደ ጨሰ ሁሉም አይተዋል።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጥለው ወደ ቆጣሪው ሮጡ፤ ዋናውን ማጥፊያ በገዛ እጃቸው አወረዱ። መሰላል መጣ፤ አንድ ጣውላ ተነቀለ። ቅጥያው በፌስታል ተጠቅልሎ ኖሮ ፌስታሉ ቀልጦ እንደ ሰም ወርዷል። ከሥሩ ያለው ጥድ መዳፍ በሚያህል ቦታ ከስሏል። መሪጌታ ከሰሉን በጣታቸው ነክተው መለስ አሉ።

«ይሞቃል። ግን አልነደደም» አሉ። ደግመው «አልነደደም» አሉና አማተቡ።

አባይነህ መሰላሉ ሥር ቁጭ አለ። ሳምንቱን ሙሉ በሕልሙ ሲነድ ያየው ጣሪያ በላዩ ላይ ደኅና ቆሟል።

ወይዘሮ አመተሥላሴ እልልታቸውን ለቀቁት። ወዲያው ግን አቋረጡትና፣ «ታዲያ የእኔስ ስለት? ተሸክሜው ልመለስ ነው?» አሉ።

«ኧረ አይመለስም!» አለ አባይነህ። «በሩ ላይ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ይሰቀላል። የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝ፤ የእውነት ፊውዝ! ዳገቱን በእንቅፋት ለሚወጡት ባልቴቶች ያበራል። ውስጡን ደግሞ ሽቦው ሁሉ እስኪቀየር በጧፍ።»

«ፊውዙ ቢበጠስስ?» አሉ መሪጌታ።

«አመስግነው ይቀይሩታል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከመሬት አነሡ። «እንግዲህ አሸነፍክ። የተረፈ ስድብ ካለህ ማኅሌት ሳይቆም ጨርሰው።»

«ነበረኝ፣ የኔታ» አለ አባይነህ፣ ሳቁ እያመለጠው። «መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጀው ነው የመጣሁት። አሁን አንዱም ትዝ አይለኝም።»